እድር ስንት ሰዓት ያስከፍላል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለእድር በወር ስንት ትከፍላለህ ቢባል ሁሉም ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው። መቶም ይሁን ሁለት መቶ ብር ያውቀዋል። በዓመት ስንት ሰዓት ትከፍላለህ ቢባል ግን ዝም ይላል፤ ቆጥሮት አያውቅማ። የሚገርመው ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ያልተቆጠረው ላይ ነው። "ወርሃዊውን በሞባይል ሳላጓድል እየላክሁ፣ ቀብር አልወጣህም ተብዬ ለምን እቀጣለሁ?" የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ደጋግሞ ይደርሰኛል። የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ማታ ሁለት ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ይህን ቢጠይቅ እውነት አለው። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን በታሪክ በኩል እንየው። እንዲህ ያለ ማኅበር የአባሉን ጊዜ ለምን ይፈልጋል? ጊዜው ቀርቶ ገንዘቡ ብቻ ቢሆንስ ምን ይመጣል? በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ አገሮች ስላሉ የእነሱንም እናያለን።

እስቲ መጀመሪያ እንቁጠረው። 150 ቤተሰብ ያለበት አንድ የሰፈር እድር እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። በዓመት 10 ቀብር አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ቀብር ግማሽ ቀን፣ 4 ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ሁለት ምሽት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሌላ 4 ሰዓት። አንዱ ለቅሶ 8 ሰዓት ወሰደ ማለት ነው፤ 10 ለቅሶ 80 ሰዓት። በየወሩ አንድ እሑድ ለመዋጮ አንድ ሰዓት፣ በዓመት 12። ጠቅላላ ጉባኤ 3 ሰዓት። ድምሩ 95 ሰዓት፣ ወደ 12 የሥራ ቀን ገደማ። ብዙ ሰው ደግሞ አንድ እድር ብቻ የለውም። የሰፈር አለ፣ የመሥሪያ ቤት አለ፣ የዘመድ አለ። ማኅበርና ሰንበቴ ሲጨመርበት የዓመት ፈቃዱ አለቀ።

አሁን ሂሳቡን ገልብጡት። ሐዘኑ እናንተ ቤት ገባ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ብቻ 8 ሰዓቱን ይዞ መጣ። 1,200 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለ8 ስናካፍለው 150 የሥራ ቀን። በሦስት ቀን ውስጥ 150 የሥራ ቀን በራችሁ ላይ ቆመ ማለት ነው። ይህን በደመወዝ ልቅጠር ብትሉ የስንቱ ሰው ኪስ ይችላል? ቢችልስ? ተቀጣሪ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል። ማታ ከእናታችሁ አጠገብ ቁጭ ብሎ "አንድ ቀን እኮ አባባ..." ብሎ ጨዋታ ማምጣት ግን አይችልም። አያውቃቸውማ።

ይህ የቀን ብድር ከእድር ጋር የተወለደ አይደለም። ገጠር ያደጋችሁ ወንፈልን ታውቃላችሁ። ዛሬ ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን። የሚቆጠረው ቀን ነው፤ በቀን የተበደረ በቀን ይመልሳል። የጽዋ ማኅበሩም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የሚካኤል ማኅበርተኛ በየወሩ በ12፣ የማርያም ማኅበርተኛ በ21 በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። 12 አባል ካለ ተራው በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። አንዴ ለመጥራት አሥራ አንድ ጊዜ ሰው ቤት መሄድ አለብህ። ሙሴው ዓይኑን ጣል ሲያደርግ ማን እንደቀረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል። ገንዘብ ብቻ የሚላክበት ማኅበር ቢሆን ኖሮ ያንን ኩርፊያ ማን ያየዋል?

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ከየአገሩ ሰው ሲጎርፍ አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ። አገር ቤት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው ዘመድና ጎረቤት ነው። ከተማ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይሸከመው? ስለ እድር የጻፉ ተመራማሪዎች አጀማመሩን በአብዛኛው ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋር፣ በተለይም ከጉራጌ አገር ወደ ከተማዋ ከመጡ ሰዎች ጋር ያያይዙታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይበልጥ እንደተስፋፋም ይጽፋሉ። ስለዚህ እድር ሲጀመር መልስ የሰጠው ለ"ስንት ብር?" ብቻ አይደለም፤ ለ"ማን ይመጣል?" ጭምር ነው። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሚጠራው ሰውን ነበር። ብሩማ ሳጥን ውስጥ አለ።

የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙው ሰው ፈርሞ ከገባ በኋላ አያነበውም። የማን ሞት ስንት እንደሚያስከፍል ይዘረዝርና ቀጥሎ ቅጣቱ ይመጣል። ቀብር ለቀረ፣ ስም ሲጠራ ላልተገኘ፣ ስብሰባ ላረፈደ። የገንዘቡ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ናት። ትንሽ የሆነችበት ምክንያት አላት፤ የመቅረት ዋጋ ተደርጋ አልታሰበችም። "መቅረትህን አይተናል" የምትል ምልክት ናት። ደጋግሞ የሚቀር ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ከቅጣት አልፎ እስከ ስረዛ ይደርሳል። "ቀጡኝ፣ እከፍላለሁ፣ አልመጣም" የሚል አባል ሲበዛ ግን ያቺ ትንሽ ቅጣት የመግቢያ ትኬት ትመስላለች። ዛሬ የምናየው ይህን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ፤ አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። (ከዚህ በታች የውጭዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እንግሊዝ አገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠራተኛው ሕዝብ "ፍሬንድሊ ሶሳይቲ" የሚባሉ የመረዳጃ ማኅበራት ነበሩት። ፓርላማው በ1793 ሕግ አውጥቶ እውቅና ሰጣቸው። አሠራራቸውን ስታነቡ የሰፈራችሁን እድር ያነበባችሁ ይመስላችኋል። አባላቱ በየወሩ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ያዋጣሉ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሰው እጅ ናቸው። አባል ሲታመም ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ሲሞት ይቀብሩታል። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፣ የአባል ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ሰክሮ የመጣና የተሳደበም ይቀጣል።

ፍሪሜሶኖችም ከዚሁ ዘመን ናቸው። ይህን ቃል ስጽፍ ኮሜንት ላይ "ኢሉሚናቲ!" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ። የለንደኑ ታላቅ ሎጅ ምሥረታ በተለምዶ የሚቆጠረው ከ1717 ነው። ምሥጢር ምሥጢር የሚባለው ስብሰባቸው አብዛኛው ቃለ ጉባኤ ማንበብ፣ መዋጮ መቁጠርና ሥርዓቱን በቃል መያዝ ነው። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ለአዲስ አባል የሚሰጡት ምሳሌ ነው። በ24 ኢንች የተከፈለ የግንበኛ መለኪያ ያሳዩትና 24ቱ የቀኑ ሰዓታት ናቸው ይሉታል። በአሜሪካ ሎጆች ትምህርት መሠረት ስምንቱ ለፈጣሪና ለተቸገረ ወንድም፣ ስምንቱ ለሥራ፣ ስምንቱ ለዕረፍትና ለእንቅልፍ ነው። ልብ በሉ፤ ገና ሲገባ የሚነገረው የመዋጮውን መጠን ብቻ አይደለም፤ ቀኑን እንዴት እንደሚከፍልም ነው። ሎጁ ሲጠራው ደግሞ "ገመዱ እስከሚደርስበት ርቀት" ድረስ መምጣት አለበት፤ በቆየው ልማድ የገመዱ ርዝመት 3 ማይል፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ለራቀና ለታመመ ይቅርታ አለ። የእኛ እድር ዳኞች ይህን ቢሰሙ "ጥሩ ደንብ ነው" የሚሉ ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኦድ ፌሎውስ የሚባሉት አሉ። ቶማስ ዋይልዲ የተባለ እንግሊዛዊ በ1819 ባልቲሞር ላይ የመሠረተው ነው። የታመመ መጠየቅ፣ የተቸገረ መርዳት፣ የሞተ መቅበር፣ የሙት ልጅ ማስተማር ግዴታቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ሎጆች በየሳምንቱ ይሰበሰቡ ነበር። አባል ሲታመም የሚጠይቁት ሰዎች ይመደባሉ። ጉብኝቱ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንደኛው ማጽናናት፣ ሁለተኛው ሰውየው እውነት መታመሙን ማየት። በሽታው የጠናበት ከሆነ በተራ አጠገቡ ያድራሉ። ተራው ደርሶ ሳያድር የቀረ ይቀጣል። ቀን ፋብሪካ የዋለ ሰው ሌሊት የጓደኛው አልጋ ሥር ሲቀመጥ አስቡት። የመድን ድርጅቶች አጭበርባሪውን ከታመመው ለመለየት ወረቀት በወረቀት ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ሰውየውን ስለሚያውቁት ዓይተውት ይመለሱ ነበር።

እነዚህ ማኅበራት ትንንሽ አልነበሩም። በ1920 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ጎልማሳ ወንዶች አንዱ የዚህ ዓይነት ማኅበር አባል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ቤይቶ ይገምታል። ታዲያ ምን ዋጣቸው?

ጊዜው ቀስ በቀስ በገንዘብ እየተተካ ሄደ። አንዳንድ ሎጆች ሌሊት የሚያድረውን አባል ትተው አስታማሚ መቅጠር ጀመሩ። ለጊዜው ሁሉም ተደሰተ። ቀጥሎ ትልልቆቹ ለውጦች መጡ። እንግሊዝ በ1911 የብሔራዊ መድን ሕግ አወጣች፤ አርቃቂው የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ነበር። ወንድ ሠራተኛ በሳምንት 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ይከፍላሉ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድሩ የተፈቀደላቸው እነዚያው የመረዳጃ ማኅበራት ነበሩ፤ ግን የመድን ኩባንያዎችም አብረው ገቡ። ማኅበራቱ ብዙ አዲስ አባል አገኙ። አባሉ ግን ከደመወዙ ተቆርጦ የሚሄድለት ሰው ነው፤ ስብሰባ ምን ሊሠራ ይመጣል? መዝገቡ ሞላ፣ አዳራሹ ባዶ ሆነ። በ1948 መንግሥት የጤናውንም የመድኑንም ሥራ ጠቅልሎ ሲወስድ ከማኅበራቱ እጅ ዋናው ሥራ ወጣ። አሜሪካም ውስጥ የኩባንያዎች የቡድን ኢንሹራንስና በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ተመሳሳይ ነገር አደረጉ።

ፍሪሜሶኖቹ የሞከሩት ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1959 አሜሪካ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሯቸው። ቁጥሩ ማሽቆልቆል ሲጀምር "ሰው ጊዜ ስለሌለው ነው" ተባለ። ስለዚህ በ1990ዎቹ ውስጥ በየግዛቱ አዲስ ዘዴ መጣ። ወራት የሚፈጀውን፣ በቃል እየተጠና የሚታለፈውን የሦስት ደረጃ ሥርዓት ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ሰብስበው በአንድ ቀን ይጨርሱት ጀመር። ጊዜ ቀነሱለት ማለት ነው። መውረዱ ግን አልቆመም። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው። በአንድ ቀን የገባ ሰው በአንድ ቀን ለመውጣትም አይከብደውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የመንግሥት መድን ለሕዝቡ ጠቀመ። ሎጆቹ ሽማግሌውንና በሽተኛውን አያስገቡም ነበር። አብዛኞቹ ነጮች ጥቁሮችን አይቀበሉም ነበር፤ ፕሪንስ ሆልና ጓደኞቹ ቦስተን ላይ በ1784 ከእንግሊዝ ፈቃድ አግኝተው የራሳቸውን ሎጅ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሴቶችንም በአብዛኛው በር ላይ ነው ያስቀሯቸው፤ ኦድ ፌሎውስ የሴቶቹን የርብቃ ደረጃ የፈቀዱት በ1851 ነው። ስለዚህ "የድሮው ይሻላል" እያልኩ አይደለም። የምለው ይህንን ነው፦ መድን ገንዘቡን በደንብ ተካው። አልጋ ሥር የሚያድረውን ሰው የተካ ግን የለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛም እድር የሴቶችን ነገር መመርመር አለበት። ወንዱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚያጠፋው ሁለት ሰዓት በስም ጥሪ ይመዘገባል። ሌሊቱን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ንፍሮ ስትቀቅል፣ ሳህን ስታጥብ ያደረችው ሴት ሰዓት የትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈ? ከላይ ያሰላሁት 95 ሰዓት የእሷ ሲሆን እጥፍ ቢሆን አይገርመኝም። እድር ጊዜ ይበላል ተብሎ ሲማረሩ መጀመሪያ መሰማት ያለባት እሷ ናት። "ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይቀጥል" የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጓዳ ያልገቡት ናቸው።

ጊዜውን ሁሉ በገንዘብ እንተካው ለሚሉት ደግሞ 2012 ዓ.ም.ን አስታውሳቸዋለሁ። ኮሮና መጣ፣ መሰብሰብ ተገደበ። እድሩ አልፈረሰም፤ መዋጮው አለ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብም አለ። የጎደለው ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው የቀበረ ቤተሰብ ዛሬም ሲያወራ የሚያነሳው ስለ ብሩ አይደለም። "ሰው እንኳ ሳይወጣለት" ነው የሚለው። ያቺ ዓረፍተ ነገር የእድርን ዋጋ ከማንኛውም ሂሳብ በላይ ታሳያለች።

አሁን ደግሞ ሰፈር እየፈረሰ፣ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም እየሄደ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሦስተኛው ላይ ያለውን በስም አያውቀውም። ብዙው ሰው የድሮ ሰፈሩን እድር አልለቀቀም፤ መዋጮውን ይልካል፣ ግን ከተማ አቋርጦ ቀብር መድረስ አቅቶታል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያም እድር አለ፣ ሬሳ ወደ አገር የሚላክበትን ገንዘብ ያሰባስባል፣ ግን በሥራ ቀን ለቅሶ ቤት መድረስ ለብዙው ሰው ጭንቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። በሰፈር እድር ሙስሊሙ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ክርስቲያኑ የመስጊድ ደጅ ቆሞ የጎረቤቱን ሬሳ ይጠብቃል። በዚህ ዘመን እነዚህ ሁለት ሰዎች ሌላ የት ነው አንድ ላይ ግማሽ ቀን የሚቆሙት? እድሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ብቻ ከሆነ ያ ግማሽ ቀን የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፤ በየእድራችሁ ጉባኤ ላይ ብትከራከሩበት ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ የሚቀነሰው ይቀነስ። ለቅሶ ቤት ድግስ ይቅር፤ ቆሎና ሻይ ይበቃል። የሥራ ቀን ሙሉውን መቀመጥ ይቅር፤ ማምሻውን ይሁን።

ሁለተኛ፣ የማይነካው ይታወቅ። ቀብሩና የመጀመሪያው ምሽት በገንዘብ አይለወጡ። ሥራ የያዘው ሰው ይቅርታ ይጠይቅ፣ ግን በሌላ ቀን ይምጣ።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ በሌላ ሥራም ይከፈል። ቀብር መውጣት ያልቻለ ወጣት የሞት ምዝገባውን ወረቀት ይጨርስ፣ በመኪናው ሰው ያመላልስ፣ የታመመ አባል ሆስፒታል ያድርስ። ይህም ተመዝግቦ እንደ መገኘት ይቆጠርለት። ቅጣት ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ምስጋናም ይጻፍበት። የጓዳው ሥራም እዚያው መዝገብ ላይ ይግባ፤ ያኔ ወንዱም ሽንኩርት መክተፍ ይማራል።

ለዚያ "ብሩን እየከፈልኩ ለምን እቀጣለሁ?" ላለኝ ወጣት መልሴ አጭር ነው። ልጄ፣ ብሩ የድንኳኑና የወንበሩ ነው። የሰውየው ዋጋ የሚከፈለው በሰው ነው። አንተ ሰዓትህን ስትሰጥ ያየህ ጎረቤት ነው በአንተ ቀን ሥራውን ጥሎ የሚመጣው። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የተባለው ጎረቤቱ ሲመጣ እንጂ ሲልክ አይደለም።

እስቲ እናንተም ቁጠሩ። ባለፈው ዓመት ለእድር፣ ለማኅበር፣ ለጀመዓ ስንት ሰዓት ሰጣችሁ? ስንትስ ተቀበላችሁ? እድራችሁ ደንቡን ያሻሻለ ካለ እንዴት እንደሠራ ጻፉልኝ፤ በተለይ እናቶችና እህቶች፣ የጓዳውን ሂሳብ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። ቸር ያሰማን።